ቤቱ ተካፈለ፤ ዕዳውስ? በፍቺ ወቅት የጋራ ቤት ብድርን በአዲስ ስለመተካት የሚነሱ ክርክሮች

በአዲስ አበባ መሀል ከተማ፣ በልደታም ሆነ በሜክሲኮ፣ በካዛንቺስም ሆነ በአራት ኪሎ ዙሪያ፣ በደመወዝ የሚተዳደሩ ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው ካፈሩት ሀብት ትልቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩበት ቤት ነው። ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተከፍሎ ያላለቀ የባንክ ብድር አለበት። ትዳሩ ሲፈርስ ቤተ ዘመዱም ሽማግሌውም መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤቱ ለማን እንደሚሆን ነው፤ ብድሩ የሚነሳው ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ፍርዱ ካለቀ በኋላ ባንኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲልክ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች ጎን ለጎን ሲነገሩ ይሰማል። አንደኛው፣ ፍርድ ቤት ቤቱን ለአንዱ ወገን ከወሰነ ዕዳውም አብሮ ወደዚያው ሰው ይዞራል፣ ሌላኛው ነፃ ይወጣል የሚል ነው። ሁለተኛው «ካርታው በስሜ ስለሆነ ማስያዝም መበደርም የራሴ መብት ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ከሕጉ ጋር አይገጥሙም። የወለድ መጠን ከፍ ባለበትና ባንኮች ብድር ለመስጠት በሚያመነቱበት በዚህ ወቅት ደግሞ የስህተቱ ዋጋ ከቀድሞው ከብዷል። የቤት ክርክር ተብለው ወደ ችሎት የሚመጡ ብዙ ጉዳዮች በቅርበት ሲታዩ የብድር ክርክሮች ናቸው፤ ቤቱን ማካፈል የፍርድ ቤት ሥልጣን ሲሆን፣ ተበዳሪን ከዕዳ ነፃ ማውጣት ግን የባንኩን ፈቃድ ይጠይቃል።

ነባሩን ብድር በአዲስ መተካት

«ሪፋይናንስ» የሚባለው፣ በቀላሉ ሲገለጽ፣ ያለን ብድር በሌላ አዲስ ብድር ከፍሎ መዝጋት ነው። በፍቺ ጊዜ ይህ አሠራር ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ እንዲፈጽም ይፈለጋል፦ የጋራው ብድር ይዘጋል፤ ከቤቱ የሚወጣው ወገን ስም ከዕዳው ይወጣል፤ በቤቱ የሚቀረው ወገን ለሌላኛው ድርሻውን የሚከፍልበት ገንዘብ ያገኛል።

ብድሩ የሚተካው በዚያው ባንክ ከሆነ ነገሩ ውል የማሻሻል ያህል ሊቀል ይችላል። ወደ ሌላ ባንክ ሲዛወር ግን አዲሱ ባንክ ለነባሩ ይከፍላል፣ ነባሩ ባንክ መያዣው እንዲነሳ ለይዞታ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከዚያም አዲሱ ባንክ የራሱን መያዣ ያስመዘግባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውጤት የሚኖረው ከተመዘገበ በኋላ በመሆኑ፣ በእነዚህ እርምጃዎች መካከል ያለው ጊዜ ለአዲሱ ባንክ ሥጋት ነው። ባንኩ በዚህ መሀል ከተጋቢዎቹ አንዱ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ወይም አዲስ ክስ እንዳያመጣ ማረጋገጫ ይሻል፤ በፍቺ ላይ ካሉ ሰዎች ይህን ማረጋገጫ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሕጉ ስለ ቤቱ የሚለው

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በአንቀጽ 62 መሠረት ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ፣ ደመወዝም ጭምር፣ የጋራ ሀብት ነው። በአንቀጽ 63 ደግሞ ማንኛውም ንብረት፣ በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የግሌ ነው የሚለው ወገን የማስረዳት ሸክም አለበት። የጋራ ንብረት በፍቺ ጊዜ በመርህ ደረጃ እኩል ይካፈላል፤ በዓይነት ሊካፈል የማይችል ከሆነና ማን እንደሚያስቀረው ካልተስማሙ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት በግድግዳ ለሁለት ስለማይከፈል፣ በመሀል ከተማ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በዚህ የመጨረሻ መንገድ ላይ ነው።

የኮንዶሚኒየም ቤቶች የራሳቸው ውስብስብነት አላቸው። በ1997 ወይም በ2005 ምዝገባ ላጤ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ዕጣው የደረሰው ካገባ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ውሉ በአንድ ስም ይፈረማል፣ ወርሃዊው የባንክ ክፍያ ግን ከሁለት ደመወዝ ይወጣል። ምዝገባውንና የቁጠባ ደብተሩን የያዘው ወገን ቤቱ የግሌ ነው ሲል፣ ሌላኛው ለዓመታት የተከፈለውን ወርሃዊ ክፍያ ያነሳል። ደመወዝ የጋራ ገቢ እስከሆነ ድረስ ይህ ሁለተኛው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ የክፍያ ደረሰኞችና የባንክ ሒሳብ መግለጫዎችም ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ክብደት አላቸው። በተጨማሪ፣ በዕጣ የተገኘ ቤት ለሦስተኛ ወገን ከመተላለፉ በፊት ሊሞላ የሚገባው የ5 ዓመት ገደብ ካላለቀ «ሸጠን እንካፈል» የሚለው መፍትሔ ለጊዜው ስለማይሠራ፣ ብድሩን መተካት ወይም በትዕግሥት መጠበቅ ብቻ ይቀራል።

ፍርዱ ባንኩን የማይገዛበት ምክንያት

የብድር ውል በተበዳሪውና በባንኩ መካከል የተደረገ ነው፤ ባንኩ ደግሞ በፍቺው መዝገብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተከራካሪ አይደለም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ «ቀሪውን ብድር እሷ ትክፈል» ብሎ ቢወስን፣ ውሳኔው የሚሠራው በባልና ሚስቱ መካከል ነው። ክፍያው ከተቋረጠ ባንኩ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ የከፈለው ወገን በፍርዱ መሠረት ሌላኛውን መጠየቅ ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ክስና ሌላ ዓመት ነው። በሕጋችን አብረው የተበደሩ ሰዎች፣ ተቃራኒ ውል ከሌለ፣ ዕዳውን በአንድነትና በነጠላ ይከፍላሉ። ይህ ማለት አበዳሪው ሙሉውን ዕዳ ከፈለገው ከአንዱ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው፤ «ግማሹ የእኔ ነው» የሚለው መልስ ባንኩ ዘንድ አይሠራም።

ከባንኩ ወገን ሆኖ ሲታይ አቋሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ደመወዝ አይቶ ያበደረ ተቋም አንዱን ደመወዝ ብቻ ይዞ እንዲቀር አይገደድም። ክፍያ ሲቋረጥ ባንኩ ያለው ኃይል ደግሞ ከባድ ነው፦ በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ በውሉ ላይ ስምምነት እስካለ ድረስ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ቤቱን ባንኩ ራሱ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ተጋቢዎቹ በችሎት ለዓመት ሲከራከሩ ወርሃዊ ክፍያው በሁለቱም በኩል ከቆመ፣ የሚከራከሩበት ቤት ከእጃቸው ሊወጣ ይችላል። የተበላሸው ብድር በብድር መረጃ ቋት ላይ በስማቸው ስለሚቀመጥ ከቤቱ የወጣው ወገን ለራሱ አዲስ ቤት መበደር ሲፈልግም ይከተለዋል።

እዚህ ላይ ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይገባል። በብድር ሰነድ ላይ የፈረሙ ተጋቢዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ኃላፊነት የለባቸውም። አንዱ ዋና ተበዳሪ፣ ሌላው አብሮ ተበዳሪ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ዋስ ብቻ ሆኖ ፈርሞ ይሆናል፤ ወይም ብድሩ ውስጥ ሳይገባ ቤቱ በመያዣነት እንዲሰጥ መስማማቱን ብቻ ገልጾ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል፣ በሌላ ሀብቱ ግን አይጠየቅም። ብዙ ሰዎች ፊርማቸው ከየትኛው መስመር ሥር እንዳረፈ ሳያውቁ ስለ ፍቺ ስምምነት ይደራደራሉ፤ ይህ በእኔ ግምት ለኋላ ጸጸት ትልቁ በር ነው።

ቁጥሩ ሲሰላ

ችግሩን በአንድ መላ ምታዊ ስሌት ማየት ይቻላል። ቤቱ 9 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ ቀሪው ብድር 3 ሚሊዮን ነው እንበል። የተጣራው ሀብት 6 ሚሊዮን ስለሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ 3 ሚሊዮን ነው። ቤቱን የሚያስቀረው ወገን ነባሩን 3 ሚሊዮን መዝጋት፣ ለሌላኛው ደግሞ 3 ሚሊዮን መክፈል ስላለበት የሚፈልገው አዲስ ብድር 6 ሚሊዮን ብር ይሆናል።

ነባሩ ብድር በ9.5 በመቶ ወለድ 15 ዓመት የቀረው ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 31,300 ብር ገደማ ነው። አዲሱ ብድር ለዚያው 15 ዓመት በ17 በመቶ ቢገኝ የ6 ሚሊዮኑ ወርሃዊ ክፍያ 92,300 ብር አካባቢ ይደርሳል። ከጭማሪው ውስጥ 15,000 ብር የሚጠጋው ምንም አዲስ ገንዘብ ያልመጣበት ነው፤ ያው የድሮ 3 ሚሊዮን ብር ከቀድሞው ወለድ ወደ አዲሱ በመዛወሩ ብቻ የመጣ ነው። ባንኩ ወርሃዊው ክፍያ እስከ ገቢ ግማሽ እንዲደርስ ቢፈቅድ እንኳ ተበዳሪው በወር ወደ 185,000 ብር የሚጠጋ የተጣራ ገቢ ማሳየት ይኖርበታል። ሁለቱ ሲጣመሩ ይበቃ የነበረ ደመወዝ ለአንድ ሰው ሲቀር የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

የወቅቱ የገንዘብ ፖሊሲም ጫናውን አክብዶታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጣሪያው ቆይቶ ደረጃ በደረጃ ከፍ ተደርጓል። በሐምሌ 2016 ደግሞ 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ብሔራዊ ባንኩ ለገበያው ወለድ መነሻ የሚያደርገው መጠን፣ ሥራ ላይ ዋለ፤ በዚያው ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የብድር መጠኑ በጣሪያ ሲገደብ ባንክ ያለውን ገንዘብ ቶሎ ለሚመለስና የተሻለ ወለድ ለሚያስገኝ ሥራ ማዋልን ይመርጣል፤ ለ15 ዓመት የሚቆይ የቤት ብድር፣ ያውም ክርክር ያለበት ቤት፣ በሰልፉ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል።

ሌላው ትኩረት የሚያሻው የባንክ ሠራተኞች የቤት ብድር ነው። ወለዱ ዝቅተኛ የሆነው ተበዳሪው የባንኩ ሠራተኛ በመሆኑ ነው። ቤቱ ሠራተኛ ላልሆነው ወገን ከተወሰነ ያ ጥቅም አብሮ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ቤት ለአንዱ ርካሽ፣ ለሌላው ደግሞ የማይቻል ሆኖ ይገኛል። ድርሻ ሲሰላ ይህን ልዩነት ማንሳት ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንም አያነሳውም።

በየትኛው ዋጋ?

የከረረው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሳው በቤቱ ዋጋ ላይ ነው፤ በመሀል አዲስ አበባ ደግሞ ይህ ክርክር የተለየ ሥር አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም። የሕንፃውን የግንባታ ወጪ መሠረት አድርጎ የሚገምት መሐንዲስ ሲሚንቶውን፣ ብረቱንና የማጠናቀቂያ ሥራውን ይቆጥራል። ገዢ ግን የሚከፍለው ለቦታውም ጭምር ነው፤ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር የሚደረስ አሮጌ ሦስተኛ ፎቅ ዳር ከተማ ካለ አዲስ አፓርትመንት ሊበልጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ባንክ ደግሞ ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ የሚያወጣውን እያሰበ ስለሚገምት ግምቱ ከገበያው ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት አንድ ቤት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ዋጋ ሊኖረው ይችላል፦ የመሐንዲሱ፣ የባንኩና የደላላው።

ቤቱን የሚያስቀረው ወገን ዝቅተኛውን፣ የሚወጣው ከፍተኛውን ዋጋ ይዞ ይመጣል። የሚወጣው ወገን መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ ቤቱ ቢሸጥ የሚያገኘው የገበያውን ግማሽ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ መቀበል የለበትም። የሚቀረው ወገን ደግሞ ባንኩ በራሱ ግምት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ስለሚያበድር በገበያ ዋጋ ድርሻ ለመክፈል ቢፈልግም ገንዘቡን ከየትም እንደማያገኘው ይናገራል። ሁለቱም እውነት ስላላቸው፣ ድርሻው በገበያ ዋጋ ተሰልቶ ባንኩ የማይሸፍነው ልዩነት በጊዜ ገደብ እንዲከፈል ማድረግ የሚሻል ይመስለኛል። በፒያሳና በካዛንቺስ እንደታየው በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ሊነካ በሚችል አካባቢ ያለ ቤት ከሆነ ባንክ በመያዣነት ለመቀበል ስለሚያመነታ፣ ይህም ከግምቱ በፊት መጣራት አለበት።

ሳይታወቅ የተወሰደ ብድር

አንዳንዴ ክርክሩ የሚጀምረው ፍቺው ከመቅረቡ በፊት አንደኛው ወገን ለብቻው ቤቱን አስይዞ ብድር ጨምሮ ሲገኝ ነው። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን መሸጥም ሆነ ማስያዝ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፤ ከ500 ብር በላይ መበደርም እንዲሁ። አንቀጽ 69 ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጊዜ ገደብ አለው፦ ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ባያውቅም ግዴታው በተገባ በ2 ዓመት ውስጥ። ይህ ገደብ ብዙ ሰዎችን ያመለጠ ነው፤ ትዳሩ እስኪፈርስ ድረስ ዝም ያለ ሰው ፍቺ ሲጠይቅ ሁለቱ ዓመታት አልፈው ሊያገኝ ይችላል።

ባንኮች በበኩላቸው ካርታውንና ከወረዳ የመጣውን ያላገባ ማስረጃ አይተው በቅን ልቦና እንዳበደሩ ይከራከራሉ። በሌላ ወገን ያሉ ደግሞ፣ ልጆች ያሉት ቤት ሄዶ ያየ የባንክ ገማች ባለቤቱ ያላገባ ነው የሚለውን ወረቀት ብቻ መቀበል አልነበረበትም ይላሉ። በእኔ እይታ ሁለተኛው ሐሳብ ያመዝናል፤ ገማቹ ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱንና የሕፃን አልጋውን እየቆጠረ ሲዞር ባንኩ ማየት የሚገባውን አይቷልና።

ውክልናም ሌላ በር ነው። ውጭ አገር የሚኖር ወይም ለሥራ የሚመላለስ ሰው ለትዳር አጋሩ ውክልና ሰጥቶ ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይሁንና በአገራችን የሚጻፉ ውክልናዎች ብዙ ጊዜ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ከባንክ ለመበደር» የሚሉ ቃላትን በአንድ ገጽ ላይ ስለሚደረድሩ፣ ጠብ ሲጀመር ከምንም በፊት ውልና ማስረጃ ሄዶ መሻርና መሻሩንም ለባንኩና ለይዞታ ምዝገባው በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ለቤቱ ከዘመድ የተገኘ ገንዘብም ይነሳል። እናት ለቅድሚያ ክፍያ የሰጠችው ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ከ500 ብር የበለጠ ብድር በሰው ምስክር ብቻ ስለማይረጋገጥ፣ ያለ ጽሑፍ የተሰጠ ገንዘብ ዕዳ ነው ብሎ ማስቆጠር አስቸጋሪ ነው።

እግድ የሚጠብቀውና የሚያስረው

ሥጋት ያደረበት ወገን ቤቱ እንዳይሸጥና እንዳይያዝ ፍርድ ቤቱን እግድ ይጠይቃል፤ እግዱም ለይዞታ ምዝገባው ይጻፋል። ይህ ተገቢ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ያው እግድ ብድሩ በስምምነት እንዲተካ በተፈለገበት ቀንም እንቅፋት ሆኖ ይቆማል፤ ማንኛውም ባንክ ከእግድ ነፃ ያልሆነ ይዞታ ላይ ገንዘብ አይለቅም። ተጋቢዎቹ ተስማምተው፣ አዲሱ ባንክም ፈቅዶ፣ እግዱን የሚያነሳ ትእዛዝ ሲጠበቅ የባንኩ ፈቃድ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እግዱ ሲጠየቅ ቤቱ «በሁለቱ የጽሑፍ ስምምነት ለብድር ምትክ ካልሆነ በቀር» እንዳይያዝ ተብሎ እንዲጻፍ ማመልከት ብልህነት ነው።

ቤቱ ይሸጥ ወይስ ጊዜ ይሰጥ?

አንዱ አመለካከት ቤቱ ቶሎ ተሸጦ ባንኩ ተከፍሎ ቀሪው ይካፈል ይላል፤ ማንም በማንም ዕዳ አይታሰርም። ሌላው፣ ልጆቹን የያዘው ወገን፣ ብዙ ጊዜ እናት፣ ብድሩን በስሟ ለማዞር ጊዜ እንዲሰጣት ይጠይቃል። ሕጉ እኩል ድርሻ ይሰጣታል፤ ባንኩ ግን በጉሊት ወይም በቤት ውስጥ ሥራ የምታገኘውን ገቢ አይቆጥርላትም። መብቷ ሙሉ ሆኖ የመበደር አቅሟ ጎዶሎ መሆኑን ፍርድ ቤት በዝምታ ማለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ መንገድም ይቀርባል፦ ነባሩን ብድር ሳይነኩ በአነስተኛው ወለድ ማስቀጠል፣ በቤቱ የሚቀረው ወገን እየከፈለ ሌላኛው በስሙ ዕዳውን ይዞ መቆየት። ከላይ ባየነው ስሌት በወር 15,000 ብር ገደማ ማዳኑ ያጓጓል፤ የልጆቹንም ቤት ያቆያል። ሥጋቱ ግን በሙሉ የሚያርፈው ቤቱ ውስጥ በማይኖረው ሰው ላይ ነው። ይህ መንገድ ተቀባይነት የሚኖረው ወርሃዊ ክፍያው ሲዘገይ ባንኩ ለሁለቱም እንዲያሳውቅ፣ አንድ ክፍያ ከተዘለለ ቤቱ እንዲሸጥ አስቀድሞ ተስማምተው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ብቻ ነው። ባንኮችም ለዓመታት በአግባቡ ሲከፍል የቆየ ተበዳሪ በዋስ ተደግፎ ብድሩን በነባሩ ወለድ ብቻውን እንዲረከብ የሚፈቅድ ግልጽ አሠራር ቢያወጡ፣ ከሐራጅ የሚያገኙትን ያህል አያጡም።

የፍቺ ስምምነት ሲጻፍ «ቤቱ ለእሷ፣ ዕዳውም ለእሷ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት አይበቃም። ብድሩን ለመተካት ስንት ወር እንደተሰጠ፣ በዚያ ጊዜ ወርሃዊውን ማን እንደሚከፍል፣ ባንኩ ከከለከለ ቤቱ በስንት ቀን ውስጥ ለሽያጭ እንደሚወጣና በማን ግምት እንደሚሸጥ መጻፍ አለበት። በካርታው ላይ ስም ለማዛወር የሚፈረመው ደግሞ፣ የብድሩን ቁጥርና የሚወጣውን ተበዳሪ ስም ጠቅሶ ከዕዳው ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት የባንክ ደብዳቤ እጅ ላይ ከገባ በኋላ እንጂ፣ በብድር ክፍል መስኮት «ችግር የለውም» በተባለበት ቀን መሆን የለበትም።